ወተት ቤትን ጾም ማሻገር፦ ለአነስተኛ ማቀነባበሪያዎች የሥራና የገበያ መመሪያ

ላም አትጾምም። ዐቢይ ጾም በገባ በማግስቱ ገበሬው የለመደውን 12 ሊትር አልቦ ጠዋት በር ላይ ይቆማል፤ ከሱቁ ፊት ግን የሰሞኑ ሰልፍ የለም። በቀን ከ100 እስከ 500 ሊትር የሚቀበሉ ማቀነባበሪያዎች ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀሙትን ትርፍ የሚያጡት በእነዚህ ስምንት ሳምንታት ነው። ወተቱ ይደፋል፣ ወይም በኪሳራ ቅቤ ይሆናል፣ ወይም ገበሬው ተመልሶ ይሄድና ከፋሲካ በኋላ በጣም ሲፈለግ ለሌላ ሰብሳቢ ያስረክባል። ሦስቱንም ማስቀረት የሚቻለው ጾሙ ከገባ በኋላ በሚደረግ ሩጫ ሳይሆን ከወራት በፊት በሚሠራ ሒሳብ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚጠቅመው ከሰላሌ፣ ከሰንዳፋ፣ ከደብረ ብርሃን፣ ከሆለታ ወይም ከቢሾፍቱ ዙሪያ ወተት ሰብስቦ ለከተማ ለሚያቀርብ፣ የራሱም ጥቂት ላሞች ላሉት ሰው ነው።

ከፋሲካ ወደ ኋላ መቁጠር

የ2019 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 24 ይውላል። ጾሙ 55 ቀን ስለሆነ የሚገባው የካቲት 29 ነው፤ ሆሣዕና ሚያዝያ 17። ከፋሲካ ጀምሮ እስከ ሰኔ 13 ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም የዓመቱ ትልቁ የወተት ገበያ ይህ ነው። ሰኔ 14 የሐዋርያት ጾም ይገባና ሐምሌ 5 ይፈታል። ፍልሰታ (ከነሐሴ 1 እስከ 15) እና ጾመ ነቢያት (ከኅዳር 15 እስከ ገና ዋዜማ) ቀናቸው በየዓመቱ ያው ነው።

2019ን ከ2018 የሚለየው አንድ ነገር አለ፤ ብዙ ሰው ልብ አላለውም። በ2018 ዐቢይ ጾም የካቲት 9 ሲገባ ረመዳን ከሁለት ቀን በኋላ ጀምሮ እስከ መጋቢት 10 ገደማ አብሮ ሄደ። ለአፍጥር የሚገዛው ወተትና እርጎ የጾሙን የመጀመሪያ ወር ጉድለት በከፊል ሸፍኗል። በ2019 ግን ረመዳን የካቲት መጀመሪያ ላይ ገብቶ፣ እንደ ጨረቃዋ መታየት፣ ዐቢይ ጾም ሊገባ ወይም በገባ ማግስት ያበቃል። ስለዚህ የአምናውን የሽያጭ መዝገብ ገልብጦ ዘንድሮ ላይ ማዋል ያሳስታል። 55ቱም ቀን ያለ ረመዳን ገበያ ነው የሚታለፈው።

የጾም ቅቤ የሚሸጥበት በዓል ከጾሙ ጋር ተያይዞ የመጣ መሆኑ መልካም ነው። የዐቢይ ጾም ቅቤ ለፋሲካ፣ የፍልሰታ ቅቤ ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል ክትፎ፣ የነቢያት ቅቤ ለገና ይውላል። ሥራው ሁሉ በመካከል ያለውን ጊዜ ቅቤው ሳይበላሽና ገንዘቡ ሳይታሰር ማሻገር ነው።

የራስን ላሞች ከጾሙ ጋር ማስማማት

ላም የምትወልደው ካረገዘች ከ280 ቀን ገደማ በኋላ ነው። ከመውለዷ 60 ቀን በፊት ማለብ ማቆም፣ ማለትም ማድረቅ፣ ለእሷም ለሚቀጥለው ወተቷም ያስፈልጋል። ይህን ከቀን መቁጠሪያው ጋር ያገናኙት፦ ሐምሌ 5 አካባቢ የተዳቀለች ላም ሚያዝያ 10 ገደማ ትወልዳለች፣ የካቲት 10 ገደማ ትደርቃለች። የምትደርቅበት ጊዜ አብዛኛው ጾሙ ላይ ይወድቃል። እንገሩ ለጥጃው ከተተወበት ከመጀመሪያዎቹ አምስት ቀናት በኋላ ወተቷ ለገበያ የሚደርሰው በሆሣዕና ዋዜማ ነው። ከወለዱ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ላሞች ከፍተኛውን ወተት የሚሰጡበት ጊዜ ስለሆነም ያ ከፍታ በሃምሳው ቀናት ውስጥ ይውላል።

ሁሉንም ላሞች እንዲህ ማድረግ ግን ስህተት ነው። በጾምም የሕፃናት፣ የሆስፒታልና የሙስሊም ደንበኞች ወተት መቅረብ አለበት፤ ገቢም መቋረጥ የለበትም። ከላሞቹ ግማሽ ያህሉን ብቻ ለዚህ ዙር ያዘጋጁ። በመጀመሪያ ማዳቀል የማትይዝ ላም ስለማትጠፋም ከሰኔ አጋማሽ ይጀምሩ። ኮርማ መፈለጓ ጠዋት ከታየ ማታ፣ ማታ ከታየ በማግስቱ ጠዋት አዳቃዩ ይጠራ። አዳቃዩ ዘግይቶ ሲመጣ 21 ቀን ይባክናል፤ 21 ቀን ደግሞ ከሃምሳው ቀናት ገበያ ግማሽ ሊጠጋ ምንም አይቀረው።

ሚያዝያ የደረቅ ወቅት ጫፍ መሆኑን አይርሱ። ድርቆሹና ጭዱ ከመኸር በኋላ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ርካሽ ሳለ ተገዝቶ ከዝናብና ከመሬት እርጥበት ተጠብቆ መከመር አለበት። የኑግ ፋጉሎ (ዘይቱ የወጣለት የኑግ ቅሪት) ሲገዙ ሽታውንና ሙቀቱን ይፈትሹ። እርጥበት የገባው ፋጉሎ የሚያበቅለው ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ይሠራል፤ መርዙ በላሟ በኩል ወደ ወተት ያልፋል፣ ወተት ማፍላትም አያጠፋውም። የሻገተ ፋጉሎ ከጤናማው ጋር ቀላቅሎ ማብላት ችግሩን ማሰራጨት ነው። ፋጉሎ በእንጨት ርብራብ ላይ ይቀመጥ እንጂ ሲሚንቶ ላይ አይውረድ።

ከገበሬው ጋር የሚደረግ ስምምነት

ለገበሬው የሚነገረው በጥር ነው። የካቲት 28 ማታ «ከነገ ጀምሮ ግማሹን ብቻ ነው የምቀበለው» የሚል ሰብሳቢ ከፋሲካ በኋላ ያንን ገበሬ አያገኘውም። የተሻለው መንገድ ሁለት ዋጋ ነው። ለእያንዳንዱ አቅራቢ በፍስክ ወራት በአማካይ ካስረከበው ለምሳሌ 60 ከመቶውን በመደበኛው ዋጋ፣ ከዚያ በላይ የመጣውን በትርፍ ወተት ዋጋ መቀበል። ሁለቱም በጽሑፍ ይሁኑ፤ ክፍያው በየ15 ቀኑ ሳይዛነፍ ይፈጸም። ክፍያው ከቀኑ ካላለፈ ገበሬው የዋጋውን መቀነስ ይታገሣል። ዋጋው ባይቀነስም ክፍያ ከዘገየ ግን ይሄዳል።

የትርፍ ወተቱ ዋጋ በግምት አይወሰንም። 4 ከመቶ ቅባት ያለው ወተት በክሬም መለያ ማሽን ሲለይና ሲናጥ 1 ኪሎ ቅቤ ለማግኘት 21 ሊትር ያህል ይፈልጋል። ስለዚህ፦

የትርፍ ወተት የሊትር ዋጋ ከዚህ አይበልጥም፦ (የ1 ኪሎ ቅቤ የጅምላ ዋጋ ሲቀነስ የማምረቻ ወጪ) ሲካፈል ለ21

ለማሳያ፣ ቅቤ በጅምላ 1,100 ብር፣ የነዳጅ፣ የጉልበት፣ የማሸጊያና የማቀዝቀዣ ወጪ በኪሎ 50 ብር ቢሆን 1,050 ለ21 ሲካፈል 50 ብር ይመጣል። በዚያው ሳምንት ወተት በ70 ብር እየገዛ ቅቤ የሚያወጣ ሰው በየኪሎው 420 ብር እየጣለ ነው። ብዙዎች ይህን የማያዩት ቅቤው በበዓል ዋዜማ ሲሸጥ ብዙ ገንዘብ በአንዴ ስለሚገባ ነው።

የሀገር ላም ወተት ቅባቱ ከዲቃላ ፈረንጅ ላም ይበልጣል። 5 ከመቶ ቅባት ካለው 1 ኪሎ ቅቤ ለማውጣት 17 ሊትር ገደማ ይበቃል፤ በላይኛው ስሌት ዋጋው ወደ 62 ብር ከፍ ይላል። ስለዚህ የሀገር ላም ያላቸውን አቅራቢዎች ወተት ለይተው ወደ ቅቤ ይላኩት፣ የዲቃላዎቹን ለሚጠጣ ወተት ይተዉት። አንድ ላይ ከተደባለቀ በኋላ ይህ ጥቅም የለም።

በዚህ ስሌት ውስጥ ክሬሙ የወጣለት ወተት ዋጋው ዜሮ ሆኖ ነው የተያዘው። ምክንያቱን ከታች እናየዋለን።

ርክክብ

ወተት ከታለበ በሁለትና ሦስት ሰዓት ውስጥ ደርሶ ወደ 4 ዲግሪ መቀዝቀዝ አለበት። ዕቃው እጅ ገብቶ የሚያጥበው ሰፊ አፍ ያለው አሉሚኒየም ወይም የማይዝግ ብረት ይሁን። ቢጫ ጀሪካን አፉ ጠባብ፣ ማዕዘኑ ብዙ ስለሆነ የትናንቱ ወተት ውስጡ ቀርቶ የዛሬውን ያኮመጥጠዋል።

በላክቶሜትር (የወተትን ጥግግት በሚለካ መሣሪያ) ንጹሕ ወተት በ20 ዲግሪ ከ28 እስከ 32 ያነባል። ወተቱ ከ20 በላይ ሲሞቅ ለእያንዳንዱ ዲግሪ 0.2 ይደመራል፤ በ25 ዲግሪ 27 ያነበበ ወተት 28 ነው። ውሃ ንባቡን ያወርዳል፣ ክሬም መውሰድ ደግሞ ያወጣል። ሁለቱንም አንድ ላይ ያደረገ ሰው ላክቶሜትሩን ያታልላል፤ ለዚህ ነው በየሳምንቱ ከእያንዳንዱ አቅራቢ ሳይነገረው ናሙና ወስዶ ቅባቱን ማስመርመር፣ ቢያንስ በረጅም ብርጭቆ ቀዝቃዛ ቦታ አሳድሮ የክሬሙን ንብርብር ማወዳደር የሚያስፈልገው።

ከላክቶሜትሩ ቀጥሎ የአልኮል ምርመራ ነው፦ 2 ሚሊ ሊትር ወተት ከ2 ሚሊ ሊትር 70 ከመቶ አልኮል ጋር። ከቆራረጠ ወተቱ መኮምጠጥ ጀምሯል፣ ወይም እንገር አለበት፣ ወይም ላሟ የጡት በሽታ አለባት። እንዲህ ያለ ወተት ሲሞቅ ድስቱ ውስጥ ይረጋል። መኮምጠጥ ብቻ ከሆነ እንደ ድሮው ለሚገፋ እርጎ ሊውል ይችላል፤ ሌሎቹ ሁለቱ ግን ለምንም አይሆኑም። መርፌ የተወጋች ላም ወተት የእንስሳት ሐኪሙ ያዘዘው የመቆያ ቀን እስኪያልቅ አይቀበሉ፤ እርሾ ቢጨመርበት እርጎ አልረጋ የሚለውም ብዙ ጊዜ በዚሁ ነው።

ቅቤውን ማውጣት

ወተቱን 63 ዲግሪ ላይ ለ30 ደቂቃ እያማሰሉ ያቆዩ። ከዚያ ወደ 40 ዲግሪ አብርደው በክሬም መለያው ያሳልፉ። የቀዘቀዘ ወተት በደንብ አይለይም፤ መዘውሩም አምራቹ ባዘዘው ፍጥነት እኩል መዞር አለበት። ድካም ሲመጣ ፍጥነቱ ይወርዳል፣ ቅባቱም ከወተቱ ጋር ይወጣል። ሥራው እንዳለቀ ሳህኖቹን ያኔውኑ በሞቀ ውሃና ሳሙና ያጥቡ፤ ለማታ የተተወ ማሽን በማግስቱ ክሬሙን ያሸተዋል።

ጣፋጩ ክሬም እንዳለ ቢናጥ ነጭና ሽታ አልባ ቅቤ ይወጣል። ለዳቦ መልካም ነው፤ ለዶሮ ወጥ ቅቤ የምትፈልግ እናት ግን አሽትታ ትመልሰዋለች። የሚፈለገውን ሽታ ለማምጣት ክሬሙ ውስጥ ከ2 እስከ 3 ከመቶ ጥሩ እርጎ ጨምረው 20 ዲግሪ አካባቢ ከ12 እስከ 16 ሰዓት ያሳድሩት። ከዚያ ወደ 10–12 ዲግሪ አቀዝቅዘው ይናጡ። መናጫው ከግማሽ በላይ አይሞላ። ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ውስጥ የስንዴ ፍሬ የሚያህል ጥራጥሬ ሲታይ ማቆም ነው፤ ከዚያ አልፎ የተናጠ ቅቤ አሬራውን ውስጡ ይዞ ይጠቀለላል። ክሬሙ ከሞቀ ቅቤው ቶሎ ይወጣል፣ ግን ለስላሳና ቅባታማ ሆኖ ብዙው ከአሬራው ጋር ይቀራል። በጣም ከቀዘቀዘ ደግሞ አረፋ ብቻ ሆኖ ይውላል።

አሬራውን አንጠፍጥፈው በዚያው ልክ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ያጥቡት፤ ውሃው ጠርቶ እስኪወጣ ሁለት ሦስት ጊዜ ይድገሙ። ይህን አይቸኩሉበት። ቅቤን የሚያሻግተውና የሚያሸተው ውስጡ የቀረ አሬራ ነው፤ በደንብ የታጠበና የታሸ ቅቤ ማቀዝቀዣ ውስጥ ለሳምንታት ሲቆይ ያልታጠበው በሁለተኛው ሳምንት ይለወጣል።

ምርትዎን በየሳምንቱ ይመዝኑ። 42 ሊትር ባለ 4 ከመቶ ወተት 2 ኪሎ ቅቤ መስጠት አለበት። 1 ኪሎ ከ700 ግራም ብቻ ከወጣ የጎደለው አንድ ቦታ ነው። ከማሽኑ የወጣውን ወተት በብርጭቆ ያሳድሩ፤ ከላዩ ክሬም ከጋገረ መለያው ነው። አሬራው ላይ ቅባት ከተንሳፈፈ ሲናጥ የነበረው ሙቀት ነው። ሁለቱም ንጹሕ ከሆኑ የገዙት ወተት 4 ከመቶ አይደለም፤ ወደ አቅራቢዎቹ ይመለሱ።

አይብ ለምን ጾምን አያሻግርም

ክሬሙ የወጣለትን ወተት አይብ አድርጎ መሸጥ በፍስክ ወራት ጥሩ ገቢ ነው፤ 8 ሊትር ያህል 1 ኪሎ አይብ ይሰጣል። በጾም ግን አይብም የፍስክ ምግብ ነው፣ በዚያ ላይ እንደ ቅቤ አይቆይም፤ ማቀዝቀዣ ውስጥም ከሳምንት ብዙ አያልፍም። በመጋቢት የተሠራ አይብ ለፋሲካ አይደርስም። ሒሳቡ ላይ ዜሮ የተያዘው ለዚህ ነው።

ያም ሆኖ አይደፋም። ለጥጆች ለብ አድርጎ፣ መጠኑን ቀስ በቀስ ወደ 3–4 ሊትር በቀን ከፍ እያደረጉ መስጠት ከሁሉ የሚሻለው ነው፤ በአንዴ ከተሰጠ ያስቀምጣቸዋል። አይብ የሚጀመረው በሰሙነ ሕማማት፣ በ2019 ከሚያዝያ 18 በኋላ ነው። ወተቱ በደንብ ኮምጥጦ ከረጋ በኋላ በለስላሳ እሳት ወደ 50 ዲግሪ ይሞቃል፣ አጓቱ ጠርቶ ሲለይ ከእሳት ወርዶ ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ በንጹሕ ሻሽ ይንጠለጠላል። ከ80 ዲግሪ ያለፈ አይብ የመቀቀል ጣዕም ያመጣል።

ማከማቸትና ማንጠር

ቅቤውን በዕድሜው ለሁለት ይክፈሉት። የጾሙ የመጀመሪያ አምስት ሳምንት ቅቤ እስከ ፋሲካ ለመቆየት ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ የሚያቀዘቅዝ ፍሪዘር ይፈልጋል። የመጨረሻዎቹ ሦስት ሳምንታት ቅቤ በ4 ዲግሪ ይቆያል። በኪሎና በግማሽ ኪሎ ይታሸግ፣ ብርሃን አይንካው፣ ቀኑ ይጻፍበት፣ ከሽንኩርትና ከቅመም ጋር አይቀመጥ፤ ቅቤ የጎረቤቱን ሽታ ይጠጣል። መብራት ለሚቆራረጥበት ሰፈር ፍሪዘሩ ባዶ ቦታው በበረዶ ጠርሙስ ይሞላ፤ የተሞላ ፍሪዘር ቅዝቃዜውን ረጅም ሰዓት ይይዛል።

ፍሪዘር ከሌለ የድሮውን ጥበብ ይከተሉ፣ ያንጥሩት። 10 ኪሎ ቅቤ ከ8 ኪሎ ብዙ የማይበልጥ ንጥር ይሰጣል፤ ስለዚህ የንጥሩ ዋጋ ቅመሙ ሳይቆጠር ከለጋው ቢያንስ በሩብ መብለጥ አለበት። በ10 ከመቶ ጨምሮ ንጥር የሚሸጥ ሰው ብዙ አለ፤ ሁሉም እየከሰረ ነው። ኮረሪማው፣ ኮሰረቱና አብሹ በቀስታ እሳት ይግቡ፣ ጩኸቱ ጸጥ ሲልና የታችኛው ዝቃጭ ወርቃማ ሲሆን ይውረድ፣ ፍጹም ደረቅ በሆነ ዕቃ ይጠለል። አንድ ጠብታ ውሃ የቀረበት ማሰሮ ንጥሩን ያሻግታል።

ማን ይገዛል፣ መቼ

በጾም የወተት ችርቻሮ ዋጋ አይቀንሱ። ጾመኛ ዋጋ ስለወረደለት ወተት አይጠጣም፤ የሚቀነሰው ዋጋ በማንኛውም ዋጋ ሊገዛ ከነበረው፣ ልጅ ካለው ቤት የሚገባውን ገንዘብ ነው የሚያሳንሰው። ጉልበቱ የማይጾም ደንበኛ ወዳለበት ይሂድ፦ ሙአለ ሕፃናት፣ ሆስፒታሎች፣ የውጭ እንግዳ የሚያስተናግዱ ሆቴሎች፣ መስጊድ አካባቢ ያሉ ሻይ ቤቶችና ሱቆች። ለእነዚህ ውል የሚጠየቀው በጥር ነው፤ በመጋቢት ሁሉም ሰብሳቢ በራቸው ላይ ነው።

የቅቤ ገበያ የሚሞቀው በበዓሉ ዋዜማ ነው ብለው ቅቤውን ሁሉ ለቅዳሜ የሚያቆዩ አሉ። ቤተሰብ ግን ቅቤውን አንጥሮ የሚያስቀምጥበት ጊዜ ስለሚፈልግ ብዙው ግዢ ከሆሣዕና በፊት ጀምሮ ይካሄዳል፤ ቅዳሜ የሚመጣው የረሳ ሰው ነው። ከመጋቢት መጨረሻ ጀምሮ ቀብድ እየተቀበሉ ይመዝግቡ። ቀብዱ ለገበሬው የ15 ቀን ክፍያ ይውላል፤ በጾም መካከል ገንዘብ የሚያጥረው ቅቤ ፍሪዘር ውስጥ ስለተኛ ነውና።

ገዢው የሚፈራው የተደባለቀ ቅቤ ነው። ሱቁ ውስጥ ትንሽ ምድጃና ማንኪያ ይኑር፤ ገዢው ራሱ ከመረጠው ኪሎ ቆርሶ ያቅልጠው፣ ያሽትተው። ለጋውን ለጋ፣ በሳሉን በሳል ብለው ለይተው በተለያየ ዋጋ ይሽጡ፤ ከፍሪዘር የወጣውን ቅቤ ለጋ ነው ብሎ መሸጥ አንድ ጊዜ ይሠራል፣ ደንበኛው ግን ለመስቀል አይመለስም።

ሚያዝያ 25 ጠዋት የቀረው ቅቤ ይመዘን። በዚያው ሳምንት የማይሸጠው ሁሉ ይነጠር፣ ፍሪዘሩ ይጥፋና ይታጠብ። ትርፍ ወተት የሚባለው ዋጋም ያን ቀን ያበቃል፤ ገበሬው ከዚያ ቀን ጀምሮ ሙሉውን በመደበኛው ዋጋ ያስረክባል። ለሰኔ 14 የሚነገረውም በዚሁ ሰሞን፣ ክፍያ ሊቀበል ሲመጣ ነው።